የአባቴ ሁለት ፓኮ፣ የአጎቴ ሦስት ፍሬ

አባቴ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ እግሩ ወለሉን ሳይረግጥ ክብሪት ይጭር ነበር። የእሱንና የእኔን መኝታ የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለነበር የክብሪቱን ጭረት፣ ከዚያም ያንን ረጅም የመጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያም ሳሉን በየተራ እሰማለሁ። ሌሊትም አንድ ሁለቴ ይነሳል። ያ የክብሪት ድምፅ በልጅነቴ ስንት ሰዓት እንደሆነ የማውቅበት ሰዓቴ ነበር።

ሙያው ልብስ ሰፊነት ነበር። ሲሰፋ ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ የለኮሰውን ሲጋራ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ያሳርፈዋል፤ የእንጨቱ ጭስ ሲሸተው ደንግጦ ያነሳዋል። ጠረጴዛው ዛሬ እኔ ቤት ነው ያለው። በቀኝ ጠርዙ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ የጠቆሩ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉበት። አንድ ቀን ተቀምጬ ልቆጥራቸው ጀምሬ ከ40 በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ስለተደራረበ መለየት አቅቶኝ ተውኩት። እናቴ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አጥባ መተርኮሻ ታደርግለት ነበር፤ ማታ ስትደፋው እስከ አፉ ሞልቶ ነው። አባቴ በቀን ሁለት ፓኮ፣ ማለትም 40 ፍሬ ያጨስ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ በቀን የሚያጨሰው ሦስት ፍሬ ብቻ ነበር። አንዱን ከምሳ በኋላ፣ አንዱን ከቡና ጋር፣ አንዱን ማታ ዜና ሲያዳምጥ። ሦስቱንም ከሱቅ በፍሬ ይገዛል፤ አራተኛ ቢጋብዙት አይቀበልም። መምህር ስለነበር ንግግሩ የማረም ቃና ነበረው፤ እሑድ እሑድ ቤታችን በመጣ ቁጥርም ከቡናው ሁለተኛ ስኒ በኋላ ወደዚያው ጉዳይ ይመለሳል። «ሰው እንዴት በወረቀት በተጠቀለለ ቅጠል ይሸነፋል? እኔን እየኝ፤ ዛሬ ተው ብባል ዛሬውኑ እተዋለሁ። ወንድ ልጅ ከቆረጠ ቆረጠ ነው።» አባቴ መልስ አይሰጥም። አንገቱን ደፍቶ የጣቶቹን ቢጫነት ያሻል።

አባቴ ግን ስንት ጊዜ ቆርጧል። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተቱ ጋር ሲጋራውንም ሊጾም ይወስን ነበር። የመጀመሪያውን ቀን በዝምታ ያሳልፈዋል፤ በሁለተኛው ቀን እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ የደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፍቶ፣ ሲያየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደተቀመጠ አስታውሳለሁ። አንድ ዓመት ደግሞ ሁለት ሱባኤ ጠበል ገብቶ 14 ቀን ሙሉ ሳያጨስ ቆየ። ሲመለስ ሊቀበለው አውቶቡስ ተራ የሄደው ታናሽ ወንድሜ፣ አባታችን ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ከአንድ ሊስትሮ ላይ ፍሬ ሲገዛ አይቶት ሳይታይ ተመልሶ መጣና ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ብቻ ነገረኝ። አባቴ በ63 ዓመቱ በሳምባ ካንሰር ሞተ። በለቅሶው ቤት «ራሱ ነው ራሱን የጎዳው፤ ስንቴ ተመከረ» ሲባል ሰማሁ። ከልቤ የምወደው አባቴ ነበር፤ ነገር ግን እኔም በውስጤ እንደዚያው አምን ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን እምነቴን በግልጽ ለማንሳት ነው።

በሙያዬ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ስለ ጉበት ኢንዛይሞች በተማርንበት ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ ኢትዮጵያውያን የተጻፈ አንድ ጥናት ጠቅሶልን ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1996 የታተመው ይህ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት «ሲዋይፒ 2ዲ6» የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም የሚሠራውን ዘረመል ከተለመደው ቁጥር በላይ በሆኑ ቅጂዎች እንደሚይዙ አሳይቷል። ይህም ማለት አንዳንድ መድኃኒቶችን ሰውነታቸው ከሌላው ሰው በፈጠነ ሁኔታ ይሰባብራቸዋል፤ ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ደግሞ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ያንን ትምህርት ለፈተና አጥንቼ አለፍኩ። አንድ ዓይነት ክኒን የዋጡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መጠን በደማቸው ውስጥ እንደማይገኝ አውቄ፣ አንድ ዓይነት ሲጋራ ስላጨሱ ሁለት ወንድማማቾች ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ሲጋራን ከመድኃኒት ተራ አስቤው ስለማላውቅ ነው። ኒኮቲን ግን እንደማንኛውም መድኃኒት በደም የሚሄድ፣ በአንጎል ላይ የሚሠራ፣ በጉበት የሚፈርስ ንጥረ ነገር ነው።

ኒኮቲንን በዋነኛነት የሚሰብረው ኢንዛይም «ሲዋይፒ 2ኤ6» ይባላል፤ የሚሠራውም በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኝ ዘረመል መመሪያ ነው። ወደ ሰውነት ከገባው ኒኮቲን ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በዚህ ኢንዛይም አማካይነት ኮቲኒን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። በአማካይ ሰው ደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የዚህ ዘረመል ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ኢንዛይሙን ያደክሙታል፣ አንዱ ዓይነት ደግሞ ጭራሹን ያጠፋዋል። ኢንዛይማቸው የደከመ ሰዎች ያጨሱት ኒኮቲን ለረጅም ሰዓት አብሯቸው ስለሚቆይ የሚቀጥለውን ሲጋራ ቶሎ አይፈልጉም፤ ፈጣን የሆነባቸው ሰዎች ግን ገና ከአንዱ ሳይለዩ ባዶነቱ ይጀምራቸዋል። ፈጣኖቹ በአማካይ ብዙ ያጨሳሉ፣ ለመተውም ይበልጥ ይቸገራሉ። ፍጥነቱን ዘረመል ብቻውን አይወስነውም፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይፈጥናል፣ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል።

ይህንን ባነበብኩ ቀን በሌሊት የሚጫረው ክብሪት ትዝ አለኝ። ሰው በስምንት ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ሳያጨስ የሚቆየው ጊዜ፣ ኒኮቲን በፍጥነት ለሚፈርስበት ሰው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። በሱስ ሕክምና ውስጥ አጫሾችን ለመመዘን ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው «ከእንቅልፍህ በነቃህ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን ትለኩሳለህ?» የሚለው ነው። በስዊድናዊው ካርል ፋገርስትሮም ስም በሚጠራው መመዘኛ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል። አባቴ አምስት ደቂቃ ጠብቆ አያውቅም።

ጉበቱ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አንጎል ውስጥ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ነው።

ኒኮቲን ከሳምባ ተነስቶ ከ10 እስከ 20 ባሉ ሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም አሴታይልኮሊን የሚባለው የሰውነት የራሱ መልእክተኛ በሚቀመጥባቸው ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተቀባይ በክብ ከተገጠሙ አምስት የፕሮቲን ቁራጮች የተሠራ በር ነው፤ ከቁራጮቹ ዓይነቶች አንዱ «አልፋ 5» ይባላል። አልፋ 5ን የሚሠራው ዘረመል በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በዚህ ዘረመል ውስጥ የአንዲት ፊደል ለውጥ አለች፤ ለውጧ በፕሮቲኑ 398ኛ ቦታ ላይ መቀመጥ የነበረበትን አስፓርቲክ አሲድ በአስፓራጂን ትተካዋለች። በጠቅላላው ይኸው ነው፤ በመቶዎች ከሚቆጠሩ የፕሮቲን ቅንጣቶች አንዷ ተለወጠች። ነገር ግን በዚህ ዓይነት የተሠራው በር ኒኮቲን ሲመጣ እንደሚገባው አይከፈትም።

በር በደንብ ካልተከፈተ ሰው ኒኮቲን የሚያንሰው ይመስላል፤ ታዲያ ለምን ብዙ ያጨሳል? መልሱ የተገኘው ከአይጦች ነው። በ2011 ክሪስቲ ፋውለር፣ ፖል ኬኒና ባልደረቦቻቸው ፍሎሪዳ በሚገኘው የስክሪፕስ የምርምር ተቋም አልፋ 5 የሌላቸውን አይጦች አጠኑ። ጤነኞቹ አይጦች መጠነኛ ኒኮቲን ሲያገኙ ይወዱታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ራሳቸው ያቆማሉ። አልፋ 5 የሌላቸው አይጦች መጠኑ እየበዛ ሲሄድም መውሰዳቸውን ቀጠሉ። በአንጎል መሐል ሀቤኑላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ከእሷ የሚነሳው መስመር «ይበቃል» የሚለውን፣ የሚያቅለሸልሸውን፣ የሚያስመርረውን ስሜት ያደርሳል። ተመራማሪዎቹ በዚያች ክፍል ብቻ አልፋ 5ን መልሰው ሲተኩ የአይጦቹ አወሳሰድ ተስተካከለ። ስለዚህ ለውጡ በሚገኝበት ሰው ላይ ሲጋራ ይበልጥ የሚጣፍጥ ሳይሆን፣ ሲበዛ መምረር የነበረበት ያህል የማይመር ነው ማለት ይቻላል።

አጎቴ አራተኛ ሲጋራ ሲጋበዝ የሚለው ነገር ነበር፤ «አይሆንም፤ ራሴን ያዞረኛል።» እኛ ይህንን ትሕትና የተላበሰ ራስን የመግዛት አነጋገር አድርገን እንወስደው ነበር። ዛሬ ቃሉን እንዳለ እወስደዋለሁ፤ እውነቱን ነበር፣ ራሱን ያዞረው ነበር። አባቴን ግን ሠላሳኛውም አያዞረውም። ሁለቱ ወንድማማቾች የተመረመሩ ሰዎች አይደሉም፤ ስለዚህ የትኛው ዘረመል በየትኛው ደም ውስጥ እንደነበር አልናገርም። የምናገረው አንደኛው ከውስጡ የሚጮህለት ማስጠንቀቂያ እንደነበረው፣ ሌላው ደግሞ ያ ድምፅ እንዳልነበረው በዓይኔ ማየቴን ነው።

የዚህ የ15ኛው ክሮሞዞም ቦታ አገኛኘት ራሱ አንድ ክርክር ያስነሳ ነበር። በ2008 ሦስት የተለያዩ የተመራማሪ ቡድኖች በአንድ ሰሞን ያንኑ ቦታ ጠቆሙ። ሁለቱ የሳምባ ካንሰር በሽተኞችን ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽሩ ደረሱበት፤ የአይስላንዱ ዲኮድ ኩባንያ የመራው ሦስተኛው ቡድን ደግሞ ከአጫሾች በቀን የሚጨሱትን ፍሬዎች ብዛት ተነስቶ እዚያው ደረሰ። ጥያቄው ዘረመሉ ካንሰሩን በቀጥታ ያመጣል ወይስ ሰውየው ብዙ እንዲያጨስ እያደረገ በዚያ በኩል ያመጣል የሚል ነበር። በቀጥታ ያመጣል ያሉት ወገኖች አንድ ጠንካራ ነጥብ ነበራቸው፤ የለውጡ አንድ ቅጂ በአማካይ የሚጨምረው በቀን አንድ ፍሬ ያህል ሲጋራ ብቻ ነው፣ የካንሰሩ አደጋ ግን በአንድ ቅጂ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንድ ፍሬ ሲጋራ ይህን ያህል ልዩነት እንዴት ያመጣል?

የክርክሩን ቋጠሮ የፈታው አንድ ቀላል ሐሳብ ነው፤ ፍሬ መቁጠር ጭስን መለካት አይደለም። በ2012 በማርከስ ሙናፎ የተመራ ጥናት አጫሾችን ስንት እንደሚያጨሱ ከመጠየቅ አልፎ በደማቸው ውስጥ ያለውን ኮቲኒን ለካ። በዚያ መለኪያ የዘረመሉ ተጽዕኖ በፍሬ ቆጠራ ከሚታየው እጅግ የጎላ ሆኖ ተገኘ። እኩል 20 ፍሬ የሚያጨሱ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ለውጡ ያለበት ሰው ከእያንዳንዱ ፍሬ አብዝቶ ይስባል፤ ጭሱን ወደ ውስጥ ጠልቆ ያስገባዋል፣ በውስጡም ያቆየዋል፣ ቁራጩንም እስከ ጥጡ ያደርሰዋል። የእንግሊዙ ሐኪም ማይክል ራስል በ1970ዎቹ አጫሽ ሳያውቀው የኒኮቲኑን መጠን በአሳሳቡ እንደሚያስተካክል አሳይቶ ነበር፤ ቀለል ያለ ነው የተባለ ሲጋራ የሚሰጡት ሰው አብዝቶ ይስበዋል። የአባቴ ያ ረጅም የጠዋት ትንፋሽ፣ በግድግዳው በኩል የማዳምጠው፣ በምንም የፍሬ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም «በዘር ነው» የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ መጥፎ ታሪክ አለው። በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራንና የሳምባ ካንሰርን ያገናኘውን ጥናታቸውን ባወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከዘመናዊ ስታቲስቲክስ መሥራቾች አንዱ የነበረው ሮናልድ ፊሸር በብርቱ ተቃወማቸው። ክርክሩ ይህ ነበር፤ ምናልባት አንድ የዘር ባሕርይ ሰውን ወደ ሲጋራም ወደ ካንሰርም ይመራው ይሆናል፣ ስለዚህ ሲጋራው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበውም ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች በአጫሽነታቸው ከሌሎች መንትዮች ይበልጥ የሚመሳሰሉ መሆናቸውን ነው። ፊሸር ራሱ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ነበር፤ የትንባሆ አምራቾችም አማካሪ ሆኖ ተከፍሎታል። የመንትዮቹ ነገር እውነት ነበር፤ ዛሬም ጥናቶች ለአጫሽነት ልዩነት ግማሽ ያህሉን ለዘረመል ይሰጣሉ። የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነበር። አንዱ ሲያጨስ ሌላው የማያጨስ ተመሳሳይ መንትዮች በፊንላንድ ለዓመታት ሲከታተሏቸው ቀድሞ የሚሞተው የሚያጨሰው ሆኖ ተገኝቷል፤ ዘራቸው አንድ ሆኖ ሳለ። ሳምባን የሚያሳርረው ጭሱ ነው። ዘረመሉ የሚያደርገው ጭሱን በብዛት መጋበዝ ነው። ያ ሁሉ ሙግት በተካሄደባቸው ዓመታት ስንት ሰው በጥርጣሬው ተጽናንቶ ማጨሱን እንደቀጠለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከዚህ ሁሉ ንባቤ ግን በግሌ የነካኝ ስለ ስዊድን መንትዮች የተጻፈ አንድ ጥናት ነው። ኬኔዝ ኬንድለርና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት በዚህ ሥራ አብረው ያደጉና በሕፃንነታቸው ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን አነጻጸሩ። በወንዶቹ ዘንድ የትንባሆ ተጠቃሚነት የዘር ድርሻ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ በሁሉም ትውልድ ተመሳሳይ ነበር። በሴቶቹ ዘንድ ግን ከ1925 በፊት በተወለዱት ላይ የዘር ድርሻ የሚባል ነገር አልተገኘም። ከዚያ በኋላ በተወለዱት እየጨመረ ሄዶ፣ ከ1940 ወዲህ በተወለዱት ላይ ከወንዶቹ ጋር እኩል ሆነ። በአሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ውስጥ የስዊድን ሴቶች ዘር አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ሴት ልጅ በአደባባይ ሲጋራ ይዛ ብትታይ የሚደርስባት ነው። ሴት እንዳታጨስ በሚከለክል ማኅበረሰብ ውስጥ ዘረመሏ የሚናገርበት ዕድል አልነበረውም።

ይህንን ሳነብ ያየሁት ራሴን ነው። አጭሼ አላውቅም። ይህንንም ዕድሜዬን ሙሉ በልቤ እንደ መልካም ሥራዬ ይዤው ኖሬያለሁ፤ አባቴን ይወቅስ ከነበረው አጎቴ ጋርም በዝምታ እስማማ የነበረው በዚሁ ስሜት ነው። እኔ ያደግኩት ግን ሴት ልጅ ሲጋራ ይዛ ብትገኝ ሰፈር የሚጠራበት፣ ጎረቤት እናቷን የሚገሥጽበት አገር ነው። ትንባሆን የመጠየፍ ልማዳችን ሥሩ ሩቅ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ ማጨስን በአዋጅ ከልክለው ነበር፣ የንስሐ አባቶችም እስከ ዛሬ አይፈቅዱትም። በ2016 በአገራችን በተደረገው የዐዋቂዎች የትንባሆ ቅኝት ከወንዶች 6.2 በመቶ፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ ብቻ አጫሾች ሆነው ተገኝተዋል። በብዙ አገሮች ሲታይ ይህ እጅግ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅም በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን ስለከለከለ ተስፋ ይሰጠኛል። ይሁን እንጂ በዚህ መካከል የእኔ አለማጨስ የእኔ ብርታት አልነበረም። ከአባቴ ዘረመል ግማሹን ይዣለሁ። ያ ግማሽ የትኛው እንደሆነ የተፈተነበት ቀን ስላልነበረ እንጂ፣ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ዘመን ብወለድ ያ የመተርኮሻ ቆርቆሮ የእኔ ሊሆን ይችል ነበር። አባቴ የመጀመሪያውን ሲጋራ የቀመሰው የልብስ ስፌት ሙያ ሊለምድ በገባበት ቤት በ15 ዓመቱ ነው፤ ጌታው ሲልከው ለኩሶ እንዲያመጣለት ያዘው ነበር። ለአንድ ታዳጊ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ዘረመሉ ኃይልም አጋንኜ እንዳልናገር እፈራለሁ። ስለ አልፋ 5 ያን ያህል ተጽፎ፣ በቀን ስንት ይጨሳል በሚለው ልዩነት ውስጥ የዚህች ፊደል ድርሻ ከ1 በመቶ አይበልጥም። በ2022 የወጣው ሰፊ ጥናት 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን ይዞ ከትንባሆና ከአልኮል ልማድ ጋር የተያያዙ ከ2,000 በላይ የዘረመል ቦታዎችን ሲለይ፣ አብዛኛዎቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚገፉ ሆነው ተገኝተዋል። የሕዝብ ልዩነትም አለ። የአልፋ 5 ለውጥ የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከሦስት ቅጂዎች በአንዱ ገደማ ሲገኝ፣ በምሥራቅ እስያና በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ጥቂት ነው፤ ጭራሹን የማይሠራው የጉበት ኢንዛይም ዓይነት ደግሞ በጃፓናውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ መሆኑ እንደ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ያሳስበኛል። የእኛ ሰዎች ኢንዛይም በራሳችን ሰዎች ላይ ሊለካ ይገባል፤ በ1996ቱ ጥናት አንድ ጊዜ ስንለካ ያገኘነው ማንም ያልጠበቀውን ነበርና።

ዘረመሉ የመተውን በር እንደማይዘጋም ተረጋግጧል። በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የአልፋ 5ን ለውጥ በሁለት ቅጂ የሚይዙ አጫሾች ሲጋራን የሚተዉት ከሌሎቹ በአማካይ አራት ዓመት ዘግይተው መሆኑን አሳይቷል። ከተዉ በኋላ የሚያገኙት ጥቅም ግን ከሌሎቹ አያንስም። በዚያው ዓመት ካሪን ለርማንና ሬቸል ቲንዴል 1,246 አጫሾችን አሳትፈው የጉበቱን ፍጥነት በደም ምርመራ ከለኩ በኋላ ሕክምና ሰጧቸው። ኢንዛይማቸው በተለመደው ፍጥነት በሚሠራ ሰዎች ላይ ሲጋራ ለማስተው የሚሰጠው ቫሬኒክሊን የተባለ ክኒን ቆዳ ላይ ከሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር የተሻለ ሠራ፤ ኢንዛይማቸው ዘገምተኛ በሆነው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ሆኑ፣ ክኒኑ ደግሞ ጎንዮሽ ጉዳቱ በዛባቸው። ለአባቴ ይህንን ማንም አልነገረውም። በእሱ ዘመን የነበረው መድኃኒት ምክርና ተግሣጽ ነበር፤ እሱንም በየእሑዱ በበቂ መጠን ወስዷል።

አጎቴን ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ሄጄ ይህንን ሁሉ በቻልኩት መጠን አስረዳሁት። ዕድሜው 80ን አልፏል፤ ሲጋራውን ከ10 ዓመት በፊት ትቶታል፣ እንዳለውም በአንድ ቀን ነው የተወው። «ጋሼ፣ እርስዎ የተዉት ሲጋራና አባዬ ያልተወው ሲጋራ አንድ አልነበሩም» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አንድ ቀን እኮ እንዲተው ብዬ በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፤ ታስታውሺያለሽ?» አለኝ። አስታውሳለሁ አልኩት። ሌላ ቃል አልተናገርንም፤ ወደ ማታ ስነሳ ግን እስከ ታክሲው ድረስ በከዘራው ሸኘኝ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያ አውቶቡስ ተራ ላይ አባቱን አይቶ የተመለሰው ልጅ ዛሬ 39 ዓመቱ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ በቀን አንድ ፓኮ ተኩል ያጨሳል። ዶልና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለው በ2004 ያወጡትን ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰ ሰው በአማካይ አሥር ዓመት ዕድሜ ያጣል፣ በ40 ዓመቱ የተወ ሰው ከእነዚያ አሥር ዓመታት ዘጠኙን ያስመልሳል፣ በ50 የተወ ስድስቱን፣ በ60 የተወ ሦስቱን። አንድ ወር ሆነኝ ይህንን ይዤ ቤቱ ከሄድኩ። ተግሣጹን ትቼ አንዱን ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፤ ጠዋት ከነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የምትለኩሰው?

«እታለም፣ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ከዚያ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ «ሳልነሳ» አለኝ። «እኔ እንደ አባዬ ነኝ፤ ወኔ የለኝም።»

በወረቀት ላይ ጉበትና አንጎል ሣልኩለት፤ የአልፋ 5ን በርም፣ የሀቤኑላን መስመርም። መኪና የሚጠግን ሰው ስለሆነ ፍሬኑ የላላ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ ጥያቄዎቹም የባለሙያ ጥያቄዎች ነበሩ። ፍሬኑ ከላላ በምን ይቆማል? ፕላስተሩ ስንት ሰዓት ይቆያል? ክኒኑ ከሥራ ያስቀራል? ሐኪም ዘንድ አብረን ለመሄድ ተስማማንና ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩስበትን ሰዓት እንዲጽፍልኝ ለመንኩት፤ መጠኑን ለመወሰን ስለሚጠቅም ነው።

በሳምንቱ ያመጣልኝ የተቀደደ የፓኮ ክዳን ነበር፤ ውስጡ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰባት ሰዓቶች ተጽፈዋል፣ ዳሩ በግራሶ ጣት አሻራ ጠቁሯል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ 11፡40፣ 11፡40፣ 11፡35፣ 11፡40 ይላል። ዓርብና ቅዳሜ 11፡45 ይላል። የእሑዱ 12፡20 ሲሆን ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ፊቴን ታጥቤ» ብሎ ጽፎበታል።